መብራት እስኪመጣ

ኩታይሲ፣ በዚያ የበረዶ ዓመት፣ መብራት በሄደ በሰባት ወር፣
ወንድሜ ቫዣ ተነሣ፣ ሊሠራ የኤሌክትሪክ ጊታር።
መብራት ለሌለው ቤት፣ መብራት የሚበላ ዕቃ!
አባቴ ይህን ሰምቶ፣ ሣቁ ሳል ሆኖ አበቃ።
«ጉድጓዱ ሳይቆፈር ባልዲ፣ ጋኑ ሳይገዛ ክዳን!»
ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሻማ መያዝ የኔ ሥልጣን።

ገላው የቁም ሣጥን በር ነው፤ መንትያው ምድጃ ገብቶ ነዷል፣
ይህኛውን ግን ቫዣ ከመጥረቢያ ሥር አስጥሏል።
«ብርድ ሊፈጀን ነው» አለች እናቴ። እሱ በእርሳስ እየሣለ
«ለአንድ ማታ ነው የሚያሞቅሽ፤ ይኼ ግን…» ብሎ ዝም አለ።
መጋዝ አልነበረንም፤ ጎረቤት ነበረ መጋዝ ያለው፣
በጣሳ ቦሎቄ አከራየን። ጥርሱ ግማሹ ረግፏል፤
                         የመጋዙን ማለቴ ነው።

አንገቱን ፍለጋ ሄድን ዜስታፎኒ፣ በከሰል ጫኝ ባቡር፤
ማክቫላ ትባላለች፤ ልጇ በየሠርጉ ይጫወት ነበር።
ሱኹሚ ዘመተና ቀረ። ጊታሩን ከግድግዳ አወረደች፣
አራት ቡሎን ፈትታ አንገቱን ለቫዣ ሰጠች።
«ገላውስ?» አለ ቫዣ። አቀፈችው፣ እንደ ሕፃን።
«ገላ አልሰጥም» አለች፤ «ገላ አልሰጡኝም እኔን።»
ስንመለስ ባቡሩ ላይ ቫዣ አንድም ቃል አልወጣው፣
አውራ ጣቱን ያሳርፋል፣ የዚያ ልጅ ጣት ባሰረጎደው።

መቃኛው ስድስት ነው፤ ሦስቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣
ሁለቱ ከማንዶሊን፣ አንዱ ሰዓት መሙያ፤ ግን ይዞራሉ ሁላቸው።

ማግኔቱ ከሞተ ራዲዮ። ሽቦውን የጠመጠመችው ላማራ ናት፣
ፋብሪካው እስኪዘጋ ሞተር ስትጠመጥም የኖረች ሃያ ዓመት።
በስፌት መኪና እጀታ፣ ፀጉር የሚያህል መዳብ፣
ስምንት ሺ ዙር በጨለማ፤
ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ ከንፈሯ ብቻ ሲያነብ።
«ሻይ ላፍላ?» አልኳት እኔ፣ አምስት ሺ ከአራት መቶ ሲሆን፤
ቆጠራው ጠፋባት። አየችኝ። ፈታችው ሁሉን።

ክር ከትራብዞን ሹፌር፣ አምስት። ስድስተኛው የብስክሌት ፍሬን ሽቦ፣
ገላው በካሚዮን ቀለም፣ ሰማያዊ፣ ሙሽራ መስሎ ተውቦ።
ብየዳው ከፍም በወጣ ብረት፤ ጢሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ፣
«ሻማውን ቀጥ!» ይለኛል፣ ሰም ጣቴ ላይ ሲፈስብኝ።

አለቀ በየካቲት። ተሰቀለ። መብራት የለም።
እንዲያው ሲመቱት ድምፁ የዝንብ ነው፣ ከዚያ አይዘልም።
አባቴ በሥሩ ያልፋል፣ ቀና ብሎም አያየው፣
እናቴ ግን አቧራውን ትጠርጋለች፤ ሣጥኗን ነው።

መጋቢት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከፎቅ እስከ ምድር ቤት
ጩኸት ሆነ፤ «መጣ! መጣ!» ሕፃን ዐዋቂው፣ «መጣ መብራት!»
ማን ካውያ ሰካ፣ ማን ውሃ ቀዳ፣ ማን ዳቦ ጋገረ በሌሊት፤
ቫዣ በእግር ሹራብ ሮጦ፣
ሰካው ከአባቴ ራዲዮ ጀርባ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በድፍረት።
እዝዝዝ አለ፣ እንደ ንብ ቀፎ። ጣቱ ክሩን ሲነካ ጸጥ፤
ሲለቀው ደግሞ እዝዝዝ። አልመታም።
ይቃኛል፣ ቀስ እያለ፣ ሳይቆጣ፣ ሳይደነግጥ።
ሰዓት መሙያው ይንሸራተታል፣ የፍሬኑ ሽቦ ይላላል፣
አምስቱን ሲያስማማ ስድስተኛው፣ እሱን ሲይዝ ሌላው ያምፃል።
«ምታው እንጂ!» ስንለው «ቆይ»። አርባ ደቂቃ በ«ቆይ» አለቀ፤
መብራት ሄደ። ካውያው በረደ። ራዲዮው ውስጥ ንቡ ራቀ።

ማንም አልተነፈሰም። እሱ በዝንቧ ድምፅ ቀጠለ፣
አንድ ክር፣ ሌላ ክር። ከዚያ አባቴ
ከጨለማው ውስጥ፣ ሳሉ ቀድሞት፣ እንዲህ አለ፦

«የታችኛዋ… ትንሽ ዝቅ ብላለች።»

ሻማውን ለኮስኩ።